በጋቢ ውስጥ የተሰበረው ማሰሮ

ወደ እስር ክፍሉ ሲያስገቡኝ መጀመሪያ ያየሁት እጅ ነው። አንድ ሽማግሌ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ሁለት እጆቻቸው ጭናቸው ላይ ተዘርግተዋል። ጣቶቻቸው አብጠው ጥፍራቸው ጠቁሯል። ቀና ብለው አዩኝ፤ አወቁኝ። እኔም አወቅኳቸው፣ አፈርኩም።

ከዚያ ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ በቀበሌ ስብሰባ ላይ ሰው አስቄባቸው ነበር። ያን ጊዜ አዋሳ ውስጥ በአንድ ክሊኒክ ድሬሰር ነበርኩ፤ እሳቸው ደግሞ ሲዳማ ገጠር ድረስ ስማቸው የሚጠራ ወጌሻ። "አጥንት በራጅ እንጂ በዳበሳ አይታይም!" ብዬ ጮኼባቸዋለሁ። እኔን ያሳሰረኝ ሌላ ስብሰባ ነው፤ ለክሊኒኩ የመጣው መድኃኒት የት ገባ ብዬ ጠየቅኩ። ምላሴ አያርፍም ነበር።

"ዶክተር፣ አንተም መጣህ?" አሉኝና ከጎናቸው ቦታ ለቀቁልኝ።

እሳቸው የታሰሩት በልጃቸው ነው። ልጁ ከብሔራዊ ውትድርና ጠፍቶ "አምጣ" ይሏቸዋል። አላመጡም። እጃቸውን የመቷቸው ወጌሻነታቸውን አውቀው ይሁን ሳያውቁ፣ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ከመናኸሪያው በኩል "ዲላ! ዲላ!" የሚለው የረዳቶች ጩኸት በሚሰማበት ሰዓት፣ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ከምርመራ መለሱልን። ቀኝ ክንዱ ከክርኑ በታች ተሰብሮ ተጣሟል። ሐኪም ብንጠይቅ ጠባቂው በሩን ዘጋብን።

"ወንድሜ፣ መሪ የምይዝበት እጅ ነው" አለኝ ሾፌሩ። "ልጆች አሉኝ።"

ክንዱን ይዤ ስስበው ጮኸ።

"ተው!" አሉ ሽማግሌው። "ሥጋው ገና ፈርቷል፤ አንተ አጥንት ትጎትታለህ?"

"እሺ እርስዎ ያሳዩኝ፣ አባባ።"

የማይታጠፉ ጣቶቻቸውን አዩ። "ይሄ ሙያ ለልጅ ነው የሚሰጠው። አባቴ ለእኔ፣ እኔ ለልጄ። ልጄ የት እንዳለ አላውቅም፤ ባውቅም አልናገርም።" ሾፌሩ ያቃስታል። "በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ አንተ ልጄ ነህ። እንደ ልጅ ስማኝ።"

ከቤታቸው በቅቤ የራሰ ቆጮ መጥቶላቸው ነበር። ቆጮውን ለእኛ አካፍለው፣ በቅቤው አንድ እስረኛ የሾፌሩን ክንድ ቀስ ብሎ እንዲያሸው አደረጉ። እኔን ደግሞ እርጎ የመጣበትን ትንሽ ማሰሮ በጋቢያቸው አስጠቅልለው ከወለሉ ጋር አጋጨው አሉኝ። ሰበርኩት።

"አሁን ዓይንህን ጨፍን። ጋቢውን ሳትገልጥ ግጠመው።"

በጨርቁ ላይ እየዳበስኩ ገጠምኩ፤ ፈረሰ። ደግሜ ገጠምኩ፤ ፈረሰ። "አትቸኩል" ይላሉ። "ስብራት ቦታውን ያውቃል፤ አንተ መንገድ አትዝጋበት።" ስንተኛው ላይ እንደሆነ እንጃ፣ አንገቱ ከሆዱ ጋር ሲገናኝ ጣቴ ላይ ተሰማኝ። ሳቁ።

ከዚያ ወደ ክንዱ ዞርኩ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ በእሳቸው ድምፅ እየተመራሁ፣ አጥንቱ ቦታው ሲገባ በመዳፌ አወቅኩት። ከምግብ ቅርጫቱ የቀርከሃ ስንጣቂ አውጥተን፣ ቆጮው በመጣበት ደረቅ ኮባ ጠቅልለን አሰርነው። "ጣቶቹ እንዳይቀዘቅዙ ቶሎ ቶሎ ዳብስ" አሉኝ። ይህንኑ እኔ ከመጽሐፍ ተምሬው ነበር፤ እሳቸው መጽሐፍ ሳይገልጡ ያውቁታል። ካልታዘልኩ አላምንም እንዳለችው ሙሽራ፣ እዚያ ታስሬ አመንኩ።

ከሳምንታት በኋላ የክንዱን ማሰሪያ ፈታን። ሾፌሩ በባዶው አየር ላይ መሪ እያዞረ ሁላችንንም አሳቀን። በማግስቱ ሽማግሌው ተጠሩ፤ "ዕቃህን ይዘህ ውጣ!" በዚያ ቃል የተጠራ በሕይወት እንደማይመለስ ሁላችንም እናውቅ ነበር። በእጃቸው ተደግፈው መነሣት አይችሉም። እኔ ስንደረደር ሾፌሩ ቀደመኝ፤ በዚያ በቀኝ እጁ ይዞ አነሣቸው።

ጠባቂው "ቶሎ በል!" ይላል። እሳቸው ግን አልቸኮሉም። ባበጠ አውራ ጣታቸው ስብራቱ የነበረበትን ቦታ ከላይ እስከ ታች ዳበሱት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "ቀጥ ብሏል፣ ልጄ" አሉኝ። ወጡ። አልተመለሱም።

ልጄ ዛሬ እዚሁ ሀዋሳ ነርስ ናት። ገና ተማሪ ሳለች ማሰሮ በጋቢ ጠቅልዬ ሰብሬላት፣ ስታለቅስም "አትቸኩይ" ብያታለሁ። ባለፈው ሰሞን የሥራ ጓደኛዋ ቤታችን መጥታ "ይሄን ዳበሳ ማን አስተማረሽ?" ስትላት ሰማሁ።

"አያቴ ለአባቴ፣ አባቴ ለእኔ" አለቻት።

የወለደኝ አባቴ ፒያሳ ልብስ ሰፊ ነበር። አላረምኳትም።