የዝናብ ዱዓው ስም ዝርዝር

እጅ ጽሑፍህ ያምራል ይሉኛል። ምነው ባላማረ ኖሮ! ከሚሴ ውስጥ ዕድሜዬን ሙሉ አስተምሬ ያተረፍኩት እሱን ነው። ሰርግም ይሁን ለቅሶ፣ «መምህር፣ ስም መዝግብልን» ይሉኛል። እኔም ሰው እምቢ ማለት አልችልበትም፤ እመዘግባለሁ።

አንድ ዓመት ትልልቆቹ የከብት ነጋዴዎች የከብት ገበያው ከከተማ ወጥቶ ከድልድዩ ማዶ እንዲሆንላቸው ፈለጉ። ማዶ ያለውን መሬት አስቀድመው አጥረውታል። ይሄን ግን ማን አፍ አውጥቶ ይናገር? ያወሩት ስለ ሽታ ነው። ሬዲዮ ላይ ሽታ፣ ባጃጅ ውስጥ ሽታ፣ መስጊድ በር ላይ ሽታ! ስንት ዘመን ከከብት ጋር የኖረ ሕዝብ በአንድ ወር አፍንጫ አወጣ። ወላሂ፣ እኔም ሳልፍ አፍንጫዬን መያዝ ጀምሬ ነበር።

ታላቅ እህቴ ደግሞ እዚያው ገበያ ዳር ሳር ትሸጣለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ እንጀራዋ ከጨፋ ሜዳ የምታስመጣው ሳር ነው። ማዶ ተሻግራ የምትቀመጥበት ቦታ የላትም፤ እዚያ ያለው ሁሉ ባለቤት አለው።

ዝናቡ ሲዘገይ ነጋዴዎቹ ሰንጋ አርደው ዱዓ ጠሩ። ማን ይቀራል? እህቴም መጥታለች። ሸኹ ስለ ዝናብ ለመኑ፤ አሚን አልን። ስለ ሰላም ለመኑ፤ አሚን አልን። ከነጋዴዎቹ አንዱ ቀበል አድርጎ፣ «ገበያችንንም አላህ ወደ ሰፊ ቦታ ያውጣልን» አለ። አሚን! ዱዓ ላይ ተቀምጦ አሚን የማይል ማን አለ? ከዚያ፣ «መምህር፣ የመጣውን ሰው መዝግብልን፤ ለማመስገን ነው» አሉኝ። መዘገብኩ፤ ያውም አሰማምሬ።

ከሳምንታት በኋላ ስብሰባ ተጠራ። የማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊ ወረቀት አንስቶ፣ «ገበያው ይዛወርልን ያለው ሕዝቡ ራሱ ነው» አለ። እህቴ ብድግ አለች።

«የትኛው ሕዝብ? እኔ አላልኩም!»

«ስምዎ አለ እኮ፣ እናቴ።»

ማንበብ አትችልም። ወረቀቱን ተቀብላ ወደ እኔ መጣች። «አቦ አንብብልኝ፣ እየዋሹ ነው።»

ስሟ አሥራ አራተኛው ላይ ነበር፣ በእኔው እጅ። ከላዩ «ድጋፍ ሰጪ ነዋሪዎች» የሚል አስተይበው ለጥፈውበታል። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ስምሽ አለ። የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

«እንግዲያው ሰርዘው» አለችኝ።

እስክሪብቶዬን ሳወጣ ኃላፊው ወረቀቱን ከእጄ ወሰደ። ማህተም አርፎበታል አለ።