አብረው የሳቁበት ቦታ

መርዶውን ይዞ የመጣው የወንድሟ የሥራ ባልደረባ ነበር። ልብስ ሰፊዋ የባለ መስመር መጋረጃ ሁለት ቁራጭ ዘርግታ፣ መስመር ከመስመር እንዲገጥም በስፒል እየያዘች ሳለ ሰውየው በሩ ላይ መጥቶ ቆመ። ስልክ እያለው በእግሩ መምጣቱ ግማሹን ነገራት። ቀሪውን እሱ ነገራት፤ ወንድሟ ጠዋት ሥራ ገብቶ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ እንዳደረገ፣ ወንበሩ ላይ ልቡ ቀጥ አለች። የያዘችውን ስፒል የት እንደምታደርገው ጠፍቷት ቆየችና መልሳ ጨርቁ ላይ ሰካችው።

ወንድሟ ድምፅ ቀጂ ነበር። ሰፈሩ «ጆሮ» ይለዋል። አዲስ ቤት ሲገባ ሰላምታ ሳይጨርስ አንዴ አጨብጭቦ ያዳምጥ ነበር። «ይሄ ክፍል ወሬኛ ነው፤ የነገሩትን ሁሉ ይደግማል» ይላል። የእህቱን ሱቅ ግን ይወደዋል፤ ከወለል እስከ ጣሪያ ጨርቅ ስለሆነ «ምሥጢር ጠባቂ» የሚል ስም አውጥቶለታል። ሥራው ለሬዲዮ ድራማ፣ ለትምህርት ቤቶችም ትረካ መቅዳት ነበር። ትዳር አልያዘም። እናቱ በዚህ ስትነዘንዘው «እማዬ፣ ሁለት ማይክሮፎን ማስማማት እያቃተኝ ሁለት ሰው እንዴት ላስማማ?» እያለ ያስቃታል።

የእናቱን ታሪክ ልቅዳ ብሎ የተነሣው አምና ነው። ምግብ ጠረጴዛው ላይ አንዱን ማይክሮፎን ከእናቱ ፊት፣ ሌላውን ማዶ ከራሱ ፊት አቆመ። እሱ ይጠይቃል፣ እሷ ትመልሳለች። ሁለቱን ቅጂ ደርቦ ሲያሰማት ፊቷን አጨማደደች።

«ይቺ በርሜል ውስጥ የገባችው ሴትዮ ማናት?»

«አንቺ ነሽ እማዬ።»

«እኔ በርሜል ገብቼ አላውቅም።»

እህቱም ድምፁ ለምን እንዲያ እንደ ሳሳ ጠየቀችው። የእማዬ ድምፅ ቅርቧ ያለው ማይክሮፎን ጋ ቀድሞ ይደርሳል፤ ማዶ ያለው ጋ ጠረጴዛውን እስኪሻገር ጥቂት ይዘገያል አላት። ድምፅ ከፍና ዝቅ እያለ የሚሄድ ሞገድ ነው። ሁለቱ ሲደረቡ እኩል ከፍ ያሉበት ይበረታል፤ አንዱ ከፍ ሲል ሌላው ዝቅ ያለበት ግን ይጠፋል። «ዥዋዥዌ ላይ አንዱ ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ እንደሚጎትት በይው፣ እትዬ። ልጁ የትም አይሄድ።» ከዚያ ከእናቱ መሳቢያ ማበጠሪያ አንሥቶ በመስኮቱ ብርሃን አሳያት። ከእማዬ ድምፅ የተረፈው ይኸው ነው፤ ከቀጭኑ እስከ ወፍራሙ ድምፅ፣ እንደ ጥርሶቹ፣ አንዱ አለ፣ አንዱ የለም። ሙያተኞቹም ይህን ጉድለት በማበጠሪያ ስም ነው የሚጠሩት።

መላው ቀላል ሆነለት። የራሱን ማይክሮፎን ቅጂ ዘጋው። «ታሪኩ የሷ ነው፤ የኔን ጥያቄ ማን ይፈልገዋል?» አለ። ከዚያ ወዲያ የእናቱ ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ እሱ ሌላ ክፍል ሆኖ የሚያወራ ይመስላል።

ከቀብሩ በኋላ እናትየዋ ያንን ቅጂ ፍላሽ በምታጫውተው ትንሿ ሬዲዮዋ ደጋግማ ታዳምጥ ጀመር። የልጇ ጥያቄ ሲመጣ ጆሮዋን ትለጥፋለች። ከፍ ስታደርገው ደግሞ የራሷ መልስ ያደነቁራታል። አንድ ቀን የሴት ልጇን እጅ ያዘች።

«እኔን ዝም አሰኝተሽ እሱን አሰሚኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ወንድሟ ይሠራበት ወደ ነበረው ክፍል ሄደች። ከማተሚያ ቤት ጀርባ ያለ፣ ግድግዳው በስፖንጅ የተለበጠ ጠባብ ክፍል ነው። ሹራቡ አሁንም ወንበሩ መደገፊያ ላይ ነበር። ባልደረባው ኮምፒውተሩን ሲፈትሽ የተዘጋው ቅጂ ሳይሰረዝ አገኘው። ከፈተው። ወንድሟ ጉሮሮውን ጠረገ፣ አንዴ አጨበጨበ፣ «እሺ እማዬ፣ ከየት እንጀምር?» አለ። ባልደረባው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ቆየት ብላ፣ የእናቷም ድምፅ እንዳይርቅ፣ ሁለቱን ቅጂ እንደ መጋረጃ መስመር አንሸራትቶ መግጠም አይቻልም ወይ ብላ ጠየቀችው።

«ለእማማ ድምፅ ስገጥመው የሱ የባሰ ይሳሳል፤ ለሱ ስገጥመው የእሳቸው» አላት። «የሳቸው ድምፅ የሱ ማይክሮፎን ጋ ይዘገያል፤ የሱ ደግሞ የሳቸው ጋ።»

አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ ድምፅ ማጉያ ለይተው እንዳያሰሙ የእናትየዋ ሬዲዮ ያላት አንድ ድምፅ ማጉያ ብቻ ነው። የቀረው መንገድ እሱ ሲናገር የእሷን፣ እሷ ስትናገር የእሱን እየዘጉ በየትንፋሹ መቁረጥና መቀጠል ብቻ ሆነ። ልብስ ሰፊዋ ሱቋን እየዘጋች ትመጣለች፤ ባልደረባው ይቆርጣል፣ እሷ የቱ ጋ እንደሆነ በጣቷ ታሳያለች። ከስፌት ብዙ አልራቀባትም።

እንዲህ እያሉ አንድ ቦታ ላይ ደረሱ። እናትየዋ፣ ልጇ የእንግዶች ወሬ ሊሰማ አልጋ ሥር ተደብቆ፣ እንቅልፍ ወስዶት በማንኮራፋቱ የተያዘበትን ቀን ታወራለች።

«እኔ አንኮራፍቼ አላውቅም» ይላል።

«ጆሮ እየተባልክ የራስህን ብቻ አትሰማም።»

ከዚያ እኩል ሳቁ። የእሷን ሲከፍቱ የእሱ ሳቅ ይርቃል፤ የእሱን ሲከፍቱ የእሷ ይርቃል። ሁለቱን ሲከፍቱ ሁለቱም በርሜል ይገባሉ።

«እዚህ ጋ አንዱን መምረጥ አለብሽ፣ እትዬ» አላት ባልደረባው። ወንድሟ ይጠራት እንደነበረው መጥራት ከጀመረ ሰንብቷል። ቆይ አለችው።

የተጠናቀቀውን ወስዳ ለእናቷ አሰማቻት። እናትየዋ ጥያቄዎቹን ሬዲዮዋ ሳትቀድማት አንድ በአንድ ትመልስ ነበር። ሲያልቅ ወደ ልጇ ዞረች።

«አልጋ ሥር የገባበቱስ?»

«እሱ ገና ነው፣ እማዬ።»

ሌላው ሁሉ አልቋል። ሁለቱ አብረው የሳቁበት ቦታ እስካሁን አልተቆረጠም።