ከሽምብራው ጆንያ የወጣችው ቀይ ፍሬ

የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው፤ ሒሳቡንም ራሴን ያስተማርኩት እኔው ነኝ። በደርግ ጊዜ ሾላ ገበያ እህል ስሸጥ፣ ከበድ ያለ ሒሳብ ሲመጣ የምጠራው እኔ መኩሪያ ነበርኩ። ይህን የማነሳው ለጉራ አይደለም፤ እስከ ዛሬ የማልረሳው ገጠመኝ ከዚያ ስለሚጀምር ነው።

አንድ ቅዳሜ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ታደሰ የስፌት መኪናውን ተሸክሞ መጣ። ቦሌ ለመኪናው ገዢ አግኝቷል። በህልሙ በሰባት የሚያልቅ የሎተሪ ትኬት ስላየ፣ በገንዘቡ መጨረሻቸው ሰባት የሆኑትን ትኬቶች ሁሉ ሊገዛ ነው። ከዚያች መኪና ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም። ሚስቱ አስናቀች እየለመነች ትከተለዋለች።

«ሁለት ቤት ሠርቼ አንዱን አከራያለሁ» አለኝ።

«ትርፍ ቤት ተብሎ ይወረስብሃል።»

«እሱን ሲደርሰኝ እንነጋገራለን።»

አንዲት ሽምብራ ቀይ ቀለም ቀባሁና ሙሉ ጆንያ ውስጥ ጨምሬ አማሰልኩት።

«ሎተሪ ማለት ይህ ነው» አልኩት። «ዓይንህን ጨፍነህ አንድ ፍሬ አውጣ። ቀይዋ ከወጣችልህ መኪናህን ሽጥ።»

እጁን እስከ ክርኑ ሰደደና አንድ ፍሬ አወጣ። ቀይዋ ነበረች።

ገበያው በሳቅ ተናወጠ። «ጋሽ መኩሪያ፣ ጤፉንም ይሞክሩለት እንጂ» አለ አንድ ተሸካሚ። ታደሰ መኪናውን መልሶ ትከሻው ላይ አወጣ።

አስናቀች ግን መንገዱን ዘጋችበት። «አንተ ከንቱ፣ ያለህን ዕድል በሽምብራ ጨረስከው። ምን ቀርቶህ ነው አሁን ሎተሪ የምትገዛው?»

ታደሰ መዳፉ ላይ ያለችውን ፍሬ አየ። ፊቱ ተለዋወጠ። መኪናውን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ።

በሒሳብ እሷ ያለችው ስህተት ነው፤ ያለፈ ዕጣ የሚመጣውን አይነካም። አውቄ ዝም አልኩ።

ታደሰ ኋላም አንዳንድ ትኬት መግዛቱን አልተወም። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ «ዕጣው እስኪወጣ ድረስ የሰው ሱሪ እያጠበብኩ በልቤ ባለ ሁለት ቤት ነኝ» አለኝ። ከዚህ የተሻለ መልስ እስካሁን አላገኘሁም። ያቺ ሽምብራም እስካሁን ትገርመኛለች።

ቢሆንም በዚያ ቅዳሜ የሠራሁት ትንሽ አይደለም። ሎተሪ እንዴት እንደሚሠራ ለገበያተኛው አሳየሁ። የስፌት መኪናዋ ሳትሸጥ ቤቷ ተመለሰች። ዝም ማለት በሚገባኝ ሰዓት ዝም አልኩ። ጆንያውንም «ዕድለኛው ሽምብራ» ብዬ፣ ሳይመሽ በጣሳ ቸርችሬ ጨረስኩት።