የራዲዮ ጭብጨባ

ልብስ ሰፊዋ ልጇን «ራዲዮ» ማለት የጀመረችው ገና በአራት ዓመቷ ነው። አንድ ዘፈን አንዴ ከሰማች በቃ፣ ከነትንፋሹ ትመልሰዋለች። በማታውቀው ቋንቋ የተዘፈነ ቢሆንም ግድ የላትም። የሰው አነጋገር ስትቀዳማ፣ ልካቸውን የሚያስለኩት ደንበኞች በሳቅ ስለሚንፈራፈሩ የወገባቸው ልክ ይዛባል።

መጽሐፍ ሲቀርብላት ግን ያ ሁሉ ምላስ ይተሳሰራል። አሥራ ሦስት ዓመት ሞልቷትም አንድ አንቀጽ ለማንበብ ላብ በላብ ትሆናለች። አሁን ያነበበችውን ቃል ሁለት መስመር ወርዳ ስታገኘው እንደ እንግዳ ታየዋለች። እናትየው ነገሩን በራሷ ሚዛን መዘነችው፤ «የሰው አገር ዘፈን በአንድ ቀን የምትሸመድድ ልጅ የገዛ ቋንቋዋን ማንበብ እንዴት ያቅታታል? አልፈልግም ብላ ነው እንጂ!» ዘፈኑ ራሱ መሰከረባት።

የዚያ ዓመት ውጤት ሲመጣ ቆረጠች።

«ከሙዚቃ ክበቡ ትወጫለሽ። ማንበብ ስትችዪ ትመለሻለሽ።»

«እማዬ፣ የፈለግሽውን ቅጪኝ፣ እሱን ብቻ ተዪልኝ።»

«ለልመና ሲሆን እንዴት ይፈታል ይሄ ምላስ!»

በማግስቱ ከሰዓት፣ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ረስታ፣ ወደ ልምምዱ ክፍል ራሷ ሄደች። የሙዚቃ መምህሩ በር ላይ ተቀበላት።

«ልጄን ልወስድ ነው የመጣሁት።»

«እኔ ደግሞ ሜትሩን ሳይ ኮት ሊሰፉልኝ የመጡ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር! ይቀመጡ እህቴ፣ ይቺን እንጨርስና ይወስዷታል።»

ከኋላ ተቀመጠች። ራዲዮ ስትዘፍን የእናትየው ልብ ሳይፈቀድለት ሞቅ አለው። ወዲያው መምህሩ ዘፈኑን አቆመና «አሁን ያለ ድምፅ፣ ምቱን ብቻ አጨብጭቡ» አለ። ክፍሉ እንደ አንድ ሰው አጨበጨበ፣ ከራዲዮ በቀር። አንዴ ትቀድማለች፣ አንዴ ትዘገያለች።

«ራዲዮ ባትሪ ጨረሰች!» አለች አጠገቧ ያለችው ልጅ። ክፍሉ ሳቀ።

ራዲዮ አልሳቀችም። ከንፈሯን ነክሳ፣ ዓይኗን ጨፍና እንደገና ጀመረች። ሳተች። አሁንም ጀመረች።

ልብስ ሰፊዋ ያንን ፊት ታውቀዋለች። መጽሐፍ ላይ ሲደፋ «አታስመስዪ!» እያለች የምትጮህበት ፊት ነው። እዚህ ግን ማን አስገደዳት? ከእንቅልፏ አስበልጣ የምትወደው ነገር ላይ ማን ይለግማል?

«ሁልጊዜ እንዲህ ናት?» አለች፣ መምህሩ ጠጋ ሲላት።

«በዜማ የሚስተካከላት የለም። ምቱ ግን ያመልጣታል። ዲስሌክሲያ የሚሉት ነገር አለ፣ ማንበብን የሚያከብድ። አንዳንዶቹ ልጆች ምትም ይከብዳቸዋል፣ ሁሉም ግን አይደሉም። ከስንፍና ጋር አይገናኝም። እኔ እንኳ ባለሙያ አይደለሁም፤ የሚመረምራት ሰው ግን አውቃለሁ።»

«ይሄ ማጨብጨብ ንባቧን ያቃናልኛል?»

«እሱን ቃል አልገባልዎትም። ከዚህ ከወሰዷት ግን ጎበዝ የምትባልበት ሌላ ቦታ የላትም።»

እናትና ልጅ መንገድ ጀመሩ። ራዲዮ አንገቷን እንደደፋች «ጓደኞቼን እንኳ ቻው አላልኳቸውም» አለች።

«ሐሙስ ለምታገኚያቸው ሰዎች ምን ቻው ያስፈልጋል?»

ልጅቷ ቀጥ ብላ ቆመች። «የምርሽን ነው?»

«የምሬን ነው። የሚመረምርሽ ሰው ጋም እንሄዳለን። ማንበቡ ግን አልቀረልሽም፤ አጠገብሽ እቀመጣለሁ፣ አልጮህብሽም። በይ አሁን ያንን ምት አሳዪኝ።»

እግረኛ መንገዱ ላይ ቆመው አጨበጨቡ። ልብስ ሰፊዋ ቀደመች። ደገመች፤ ዘገየች።

«እማዬ! አንቺማ ብሰሽ ቁጭ!»

አላፊ አግዳሚው እስኪዞር ድረስ ተሳሳቁ። ከዚያ እናትየው አንድ ነገር ትዝ አላት። እሷ ራሷ ከአምስተኛ ክፍል የቀረችው «ልቧ ትምህርት ላይ የለም» ተብላ ነው። እስከ ዛሬም አምናው ኖራለች።

«እስቲ እንደገና» አለች መዳፎቿን ዘርግታ። «ቀስ አድርገሽ።»