እናቴ ሰባት ቤት ስትቆጥር

ለቡ መብራት ኃይል ሰፈር ልጁን ሊድር ያሰበ ሰው ሽማግሌ ከመላኩ በፊት እናቴ ዘንድ ይመጣል። ሙሽሮቹ በሥጋ ይዛመዱ እንደሆነ ጣቷን እያጠፈች ሰባት ቤት ትቆጥርለታለች። ሊጋቡ ቀን ቆርጠው መጥተው ዘመዳሞች ሆነው የተመለሱ አሉ።

ስለዚህ ሐኪሟ ጡቴ ላይ ያገኘሁት እብጠት ክፉ አለመሆኑን ከነገረችኝ በኋላ፣ «አክስቶችሽ በወጣትነታቸው የሞቱት በምንድን ነው? ካንሰር ከሆነ በዘር የሚወረስ ሊሆን ይችላል» ስትለኝ አልተጨነቅሁም። መዝገቡ እናቴ ናት።

ከፉሪ በታክሲ መጥቼ ደብተሬን ዘረጋሁ። እናቴ ጎመን እየቀነጠሰች ነበር።

«ትልቋ አክስቴ በምን ሞተች?»

«በጨጓራ።»

«ትንሿስ?»

«በጨጓራ።»

«አያቴስ?»

«እሷም ጨጓራ ነበረባት፣ ነፍሷን ይማር።»

«እማዬ፣ ዘራችን በሙሉ ሚጥሚጣ ሲቅም ነው እንዴ የኖረው?»

ሳቀች። እኔ ግን ተናድጄ ነበር። ቤታችን የዚያ በሽታ ስም አይጠራም፤ ለጎረቤት ቀርቶ ለታማሚውም አይነገርም። ትንሿ አክስቴ እስክትሞት ድረስ ጨጓራ መስሏት ወተት ስትጠጣ ነበር።

«ሐኪሟ በሽታው ይዞት የዳነ ዘመድ ካለ መጀመሪያ የእሱ ደም ይመርመር ብላለች» አልኳት። «እኛ ደግሞ ሁሉንም ቀብረናል። እኔስ ይሁን፣ ልጄን ምን ብዬ ላሳድጋት?» እንባዬ መጣ።

እናቴ ጎመኑን አስቀምጣ በጠራራ ፀሐይ በሩን ዘጋች።

«ሃይስኩል እያለሽ ሁለት ወር ጸበል የሄድኩት ትዝ ይልሻል?»

እንዴት ይረሳኛል! ሽሮ ማሳረር የተማርኩት ያኔ ነው።

«መጀመሪያ ሆስፒታል ነበርኩ» አለችና እጄን ወስዳ ግራ ደረቷ ላይ አኖረችው። ከቀሚሷ ሥር የነበረው የታጠፈ ጨርቅ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ሳቅፋት አላወቅሁም።

«ለምን ደበቅሽኝ?»

«ዘራቸው ውስጥ አለ ቢባል አንቺን ማን ያገባሻል? ሰው እንዴት እንደሚቆጥር ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?»

ልጮህባት አፌን ከፍቼ አቀፍኳት። በጣም ነው የምወዳት፣ ውሸታም ብትሆንም።

በሳምንቱ አብረን ሐኪሟ ዘንድ ሄድን። ነርሷ ቀስ ብላ፣ «እማማ፣ በቤተሰብ ውስጥ ይሄ ሕመም ነበረ?» አለቻት። እናቴ ተራ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማት ጣቷን ማጠፍ ጀመረች።

«እናቴ፣ የጡት ካንሰር። ታላቅ እህቴ፣ የጡት ካንሰር። ታናሽ እህቴም። አራተኛ እኔ፤ ይኸው አለሁ።»

አምስተኛዋ ጣት የእኔ ነበረች። እሷን አላጠፈቻትም፤ በሌላ እጇ ጭብጥ አድርጋ ያዘቻት።