ይኸነው ጠይቆ የጻፈው

ይኸነው በግምጃ ቤት ከተማ ዙሪያ የዲከረንስ ችግኝ እያፈላ በመሸጥ ሦስት ልጆች ያሳደገ ሰው ነው። ቶሎ የሚደርሰው ይኸ የከሰል ዛፍ ስንቱን የሣር ቤት ቆርቆሮ አልብሶታል፤ የእሱንም ጓዳ ሞልቶ ነበር። ከዚያ በሽታ ገባ። ቅጠሉ እንደ ዝገት ቀላ፤ በሁለት ክረምት ኮረብታው ሁሉ እንደቆመ ደረቀ። ችግኝ የሚገዛ ጠፋ።

ሥራ ፈትቶ ሲንከራተት፣ የደረቀው እንጨት ከሰል የሚሆንበትን የብረት ማክሰያ ከነጥገናው ለገበሬ አቀርባለሁ የሚል ድርጅት እንጅባራ ላይ ቢሮ ከፈተ። ሰዉ ምን ዓይነት ማክሰያ፣ ምን ዓይነት አገልግሎት እንደሚሻ እየጠየቀ ቅጽ የሚሞላ፣ አገውኛ የሚችል ሰው ፈለጉ። ይኸነው ተቀጠረ።

መጀመሪያ የሄደው እትዬ ሽታዬ ዘንድ ነው። ባል የሞተባቸው ሴት ናቸው፤ ከእሱ አራት ሺህ ችግኝ ገዝተው ነበር። በደረቁት ዛፎች መሃል ቆመው ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ሰሙት።

«ችግኙን የሸጥህልኝ አንተ አይደለህ?» አሉት።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«ሲታመምስ መጥተህ አየኸው?»

ይኸነው ቅጹን ገለጠ።

«እንግዲያ ጻፍ። እኔ ብረት አላማረኝም። የምሻው ስጠራው የሚመጣ ሰው ነው። ዕቃ ጥሎ የሚሄድማ ሞልቷል።»

የዛፉን ነገር ጨምሮ አንዲት ቃል ሳይቀንስ ጻፈ። በሌሎቹም ቤቶች የሰማው ከዚህ ብዙ አልራቀም። ዓባይነህ የሚባለው ጎረቤታቸው ብቻ፣ «ማክሰያው ከመጣም ሁለት ሰው የሚሸከመው ይሁን፤ ይኸን ዳገት ጋሪ አይወጣውም» አለ።

ቢሮ ውስጥ ወረቀቱን የተቀበለችው ሜላት የምትባል ወጣት መሐንዲስ ናት። ክፉ ሰው አልነበረችም። አንብባ ስትጨርስ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ጋሽ ይኸነው፣ ይኸ እኮ ስለ ዛፍ ነው። እኛ የጠየቅነው ስለ ማክሰያ ነው።»

«የነገሩኝ ይኸን ነው።»

«ይገባኛል። ቅጹ ላይ የማስገባበት ቦታ ግን የለኝም።»

የክብደቱን ነገርና፣ «ስጠራው የሚመጣ ሰው» የሚለውን «ሲበላሽ በሦስት ቀን የሚደርስ ጠጋኝ» አድርጋ፣ ሁለቱን ብቻ ኮምፒውተሯ ላይ ሞላች። ይኸነው ሊከራከር አፉን ከፈተ፤ ከውሉ ገና የሦስት ወር ደመወዝ እንደሚቀረው ትዝ አለውና መልሶ ዘጋው። ያን ዕለት ወደ ቤቱ ሲገባ ሚስቱን ማናለብሽን ቀና ብሎ ለማየት አፈረ።

ማክሰያዎቹ በዓመቱ መጡ። አንዱን ከመኪና ለማውረድ ስድስት ሰው ፈጀ። ጎኑ ላይ የተለጠፈው የጠጋኝ ስልክ ቢደወል ዝግ ነው። ዳገት የሚያወጣቸው ጠፍቶ ቀበሌው ግቢ ዝናብ እየወረደባቸው ተቀመጡ። እትዬ ሽታዬ እስከዚያ አልጠበቁም፤ ደረቁን ዛፍ በማገዶ ዋጋ ሸጠው፣ መሬታቸውን ለእኩል አራሽ ሰጥተው ዳንግላ ልጃቸው ቤት ገብተዋል።

ቢሮው ተዘጋ። ይኸነው አሁን በገበያ ቀን አዘና ላይ የድንች ጆንያ ያወርዳል፤ ወገቡ ግን እንደ ድሮው አይደለም። ባለፈው ሰሞን ትልቁ ልጁ ትምህርቱን ትቶ ለቀን ሥራ ቆላ እወርዳለሁ ብሎ ተነሳ። ይኸነው «ቆይ» ሊለው ፈልጎ፣ ለምን ቆይ እንደሚለው ምክንያት አጣ።