ልጄ ፍሪጅ ውስጥ የተወችው ቺፕስ

ልጄ የሞተች ሰሞን የልጅ ልጄን ሸጎሌ ወደምትኖረው ታላቅ እህቴ ቤት ላክናት። ስምንት ዓመቷ ነበር። ቀብሩንም ድንኳኑንም አላየችም። "እማዬ ሆስፒታል ናት፤ ሲሻላት ትመጣለች" ተባለች። እንዲህ ይባል ያለችው እህቴ ናት፤ ልጅ መርዶ አይችልም፣ አንጀቱ ይቆረጣል ብላ። እኔ ያን ጊዜ ለመከራከር አቅሙም አልነበረኝም። አፈር የገባችው አንድ ልጄ ናት።

ድንኳኑ ሲነሳ እህቴ ልጅቷን ይዛ ጉለሌ እኛ ቤት መጣች። "ከሻይ በቀር አፏ ያስገባችው ነገር የለም፤ እኔስ ጨነቀኝ" አለችኝ በሹክሹክታ። እውነቷን ነው። ፊቷ ጠውልጓል፣ ቀሚሷ ወገቧ ላይ ሰፍቷታል። ጎረቤት በየተራ ያመጣው እንጀራና ወጥ ቤቱን ሞልቶታል። ጠቅልዬ ላጎርሳት ስል አፏን ገጠመች።

"እማዬ ስትመጣ እበላለሁ አባባ። ቺፕስ ትሰራልኛለች።"

ያን ቺፕስ አውቀዋለሁ። ልጄ ቅዳሜ ከሥራ ስትገባ ከሱፐርማርኬት ተከትፎ በረዶ የሆነ ድንች ገዝታ ትመጣና ትጠብሰዋለች። ከላዩ የታሸገ ቺዝ፣ የተከተፈ ሞርታዴላ፣ ካቻፕና ማዮኔዝ ትቆልልበታለች። "የሰነፍ ምግብ እኮ ነው አባዬ" እያለች ትስቅ ነበር። እኔም ድንች ይህን ሁሉ ጭነት ምን አሸከመው እያልኩ እበላለሁ።

ፍሪጁን ብከፍት በረዶ ቤቱ ውስጥ አንድ ያልተነካ የድንች ላስቲክ አለ። ሞርታዴላው ተበላሽቷል፤ ጣልኩት። ቺዙ ደህና ነው።

ስቶቩ ላይ መጥበሻ ጥጄ ዘይት ሳሞቅ ጎረቤታችን ሰሃኗን ልትወስድ ገባች። እንግዲህ ለቅሶ ቤት እሳት አይነድም፤ ሐዘንተኛ ራሱ ከሠራ ነውሩ ለጎረቤት ነው።

"ጋሼ! ምን ጎደለና ነው? ሰው ቢሰማ በረሃብ ፈጇቸው አይለንም?"

"ኧረ ምንም አልጎደለ። ለሕፃኗ ነው።" ራሷን እየነቀነቀች ሰሃኗን ይዛ ወጣች።

እህቴ ደግሞ ከሳሎን፣ "ውሃ ማፍላት የማታውቅ ሰውዬ፣ ዛሬ ሼፍ ሆንክ? ቤቱን እንዳታነደው ብቻ!" አለችኝ።

ላስቲኩ ላይ ያለው ጽሑፍ የፈረንጅ ስለሆነ ሥዕሉን እያየሁ ሠራሁ። ድንቹን ከነበረዶው የጋለ ዘይት ውስጥ ስጨምረው ተንጣጥቶ እጄን ለበለበኝ። ግማሹ አረረ፣ ግማሹ ነጭ ሆኖ ቀረ። ሰሃን ላይ ገልብጬ ቺዙን ደረብኩበት፣ ቀለጠ። ካቻፑን፣ ማዮኔዙን። በቃ፣ ከሩቅ ሲያዩት የእሷን ይመስላል።

ልጅቷ ለካ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። ሰሃኑን ዞር ብላም አላየችው፤ የምታየው የተቀደደውን ላስቲክ ነው።

"ይሄ የቅዳሜ ነው። እማዬ ሳትኖር አይከፈትም ብላለች።"

"እርቦሽ እንደሆነ ብዬ ነው።"

"ከፈትከው" አለች። ላስቲኩን አንስታ፣ "አትመጣም አይደል?"

መርዶ ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በሽማግሌ አፍ ነው የሚነገረው። እኔ ትብላልኝ ብዬ በመጥበሻ አረዳኋት። እህቴ ከኋላዋ ሆና ከንፈሯን ነክሳ ራሷን ወዘወዘችብኝ፤ ካድ ማለቷ ነው። ልክድም አፌን ከፍቼ ነበር። የልጅቷ ዐይን ግን ከፊቴ አልነሳም አለ።

"አትመጣም፣ ዓለሜ።"

አላለቀሰችም። ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። እኔም ጉልበቴን እየደገፍኩ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እህቴ ሳሎን ገብታ ሙሾዋን እንደ አዲስ ጀመረች። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ በበሩ ሥር ይገባል። ቺዙ ቀዝቅዞ ድንቹን አጣበቀው። ካላረረው መርጬ ወደ አፏ አስጠጋሁ። ትገፋዋለች ብዬ ነበር፤ ተቀበለችኝ። ሳታኝክ ጉንጯ ውስጥ ይዛው ቆየች። ከዚያ ዋጠችው።

"ጨው የለውም" አለች።

ላመጣ ስነሳ እጅጌዬን ጨመደደችው።

"አትሂድ።"

ተመልሼ ተቀመጥኩና እንዲሁ አልጫውን አጎረስኳት።